በስልሳ እርምጃ

ወርቂቱ የጠመንጃውን ማነጣጠሪያ መነጽር ብሎን በካቻቪቴ አንድ ሩብ ዙር ጨምራ አጠበቀችና ጠመንጃውን ለዶክተር ሄራን አቀበለቻት።

«በይ ዶክተር፣ ሞክሪው።»

ሄራን የመኪናው ኮፈን ላይ በተቀመጠው የአሸዋ ከረጢት ላይ ጠመንጃውን አስደግፋ አነጣጠረች። ስልሳ እርምጃ ርቆ የቆመ ካርቶን ላይ በከሰል የተሳለ ክብ አለ። ጠመንጃው ጧ አለ። ውሃ የተሞላው መርፌ ከክቡ አንድ ስንዝር ወደ ግራ ሄዶ ተሰካ።

ጠመንጃው የሚገድል አይደለም። ማደንዘዣ የያዘ መርፌ የሚወረውር፣ አንዴ ተኩሰው እንደገና የሚያጎርሱት፣ ከእንስሳት ሐኪሟ ከሄራን በዕድሜ የሚበልጥ መሣሪያ ነው። የፊት ማነጣጠሪያው ከተሰበረ ዓመታት አልፈዋል። ሄራን ትናንት ጠዋት በእሱ ሁለት ጊዜ ተኩሳ ሁለቴም ስታለች። ከሰዓት በኋላ ወደ ከተማ፣ ሲቀላ ሰፈር ወረደችና ወርቂቱ የባጃጅ አክስል የምትጠግንበት ቶርኖ ቤት ገብታ፣ ጠመንጃውን ከአዲስ አበባ ለምና ካስመጣችው መነጽር ጋር ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ወርቂቱ በሃያ ዓመት ሥራዋ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟት አያውቅም። ቢሆንም የመነጽሩን መቀመጫ ከብረት ሞርዳ አበጀች። ዛሬ ደግሞ «በዚያ ኮረኮንች መንገድ ላይ ብሎኔን ብቻውን አልሰድም» ብላ አብራ ተሳፈረች።

ነጭ ሳር ሜዳው ላይ፣ ከመኪናው ወዲያ ማዶ፣ አንዲት ሜዳ አህያ ከመንጋው ተለይታ ከውርንጭላዋ ጋር ቆማለች። አንገቷ ውስጥ የወጥመድ ሽቦ ገብቶ ሥጋዋን በልቶታል። ሰው ከስልሳ እርምጃ በታች አታስጠጋም።

«መነጽሩን ወደ ቀኝ አዙሪው» አለች ወርቂቱ።

«ጨረስኩት። ከዚህ በላይ አይዞርም።»

በፓርኩ ጥበቃ ሥራ ያረጁት ጋሽ ደበሌ ከኋላ ሆነው፣ «የመተኮሻው ባሩድ ስንት ፍሬ ቀረ?» ሲሉ ጠየቁ።

«አንድ። መድኃኒቱም ያው አንድ ነው።»

ሽማግሌው ሜዳ አህያዋን አዩ። «እሷ ነገን አትደርስም» አሉ ቀስ ብለው።

ሄራን ጠመንጃውን አስቀመጠች። «እጄ ነው፣ እትዬ ወርቂቱ። ትናንትም እጄ ነበር። ያንቺ ሥራ ምንም አይወጣለትም።»

ወርቂቱ ዝም ብትል ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር፤ መቀመጫውን አገላብጦ የሚያይባት የለም። አባቷ ጨንቻ ውስጥ ቀጥቃጭ ነበር። ሰው ማረሻውን ይገዛው ነበር እንጂ ቤቱ ገብቶ አብሮት አይበላም ነበር። እሱ ግን የተጣመመ ማረሻ ከወጣው፣ በገዢው ዓይን ፊት መልሶ እሳት ውስጥ ይከተው ነበር።

ጠመንጃውን ከፈተች። ባዶውን አፈሙዝ እንደ ቧንቧ ከኋላ በኩል እያየች፣ ጥቁሩ ክብ ቀዳዳው መሐል እስኪገባ ድረስ ከረጢቱ ላይ አስተካከለችው። ከዚያ ጠመንጃውን ሳትነካ በመነጽሩ አየች። የመነጽሩ መስቀል ክቡን ለቆ በስተቀኝ ቆሟል።

«እጅሽ አይደለም» አለች። «መቀመጫው ላይ የበሳሁት ቀዳዳ የፀጉር ያህል ተዛንፏል። አፈሙዙና መነጽሩ የሚያዩት የተለያየ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«አሁን ምን ይሻላል ታዲያ?»

«ይቃናል።»

መኪናው ውስጥ የተጣለ ባዶ የለስላሳ ቆርቆሮ ነበር። ከጎኑ የጥፍር ስፋት ያላት ቁራጭ በመቀስ ቆረጠች፣ ጠርዟን አለሰለሰች፣ ብሎኑን አላልታ ከመቀመጫው ሥር በአንድ ወገን አስገባቻትና አጠበቀች። በአፈሙዙ አየች። በመነጽሩ አየች። ትንሽ ይቀራል። ሁለተኛ ቁራጭ ጨመረች፣ እንደገና አየች፣ ከዚያ ዞር ብላ ለሄራን ቦታውን ለቀቀችላት።

ሄራን በአፈሙዙ አየች፤ ክቡ። በመነጽሩ አየች፤ ያው ክብ።

«ሳንሞክረው?» አለች።

«መሞከሪያ የለንም። ከፍታው ቀድሞም ልክ ነበር። እኔ ዋስ ነኝ፣ ተኩሺ።»

ጋሽ ደበሌ መኪናውን በዝግታ ነዱት። ሜዳ አህያዋ ጆሮዋን ቀሰረች እንጂ አልሸሸችም። ስልሳ እርምጃ ሲቀራቸው ሞተሩን አጠፉ። ሄራን በመስኮቱ አነጣጠረች፤ ትንፋሿን ያዘች። ወርቂቱ ዓይኗን ከብሎኑ ላይ አላነሳችም።

ጧ።

ቀና ስትል፣ በጥቁርና ነጩ ታፋ ላይ፣ ልክ መሐሉ ላይ፣ የመርፌው ቀይ ጭራ ቆሟል።

ሜዳ አህያዋ ጥቂት ሮጠች፣ ቆመች፣ ተንገዳገደች። በስምንተኛው ደቂቃ ጉልበቷ ከዳትና ተኛች። ሦስቱም ሮጡ። ጋሽ ደበሌ ኮታቸውን አውልቀው ዓይኗን ሸፈኑላት። ሄራን የተጣበቀውን ቆዳ ስትፈለቅቅ ወርቂቱ ፒንሳዋን ከሥጋው ሥር ሰደደች። ሽቦው ጠንካራ ነበር። ሁለት እጇን ጨምራ ጨበጠች። ቀጭ ብሎ ተበጠሰ።

ሄራን ቁስሉን አጥባ መድኃኒት ቀባችና የማንቂያውን መርፌ ወጋች። «አሁን ወደ መኪናው» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ ነበር።

ከመኪናው ሆነው ጠበቁ። መጀመሪያ ጆሮዋ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ የፊት እግሮቿን ዘርግታ በአንድ ጊዜ ተነሳች፣ አቧራውን ከላይዋ አራገፈች። ውርንጭላዋ ከሣሩ ውስጥ ወጥታ መጣችና ሆዷ ሥር ገባች።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ጎንበስ ብላ ስትግጥ አላየኋትም» አሉ ጋሽ ደበሌ።

ሜዳ አህያዋ አንገቷን አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ አዞረች። ከዚያ ዝቅ አደረገችው፣ እስከ መሬት ድረስ፤ ሣሩን ስትነጭም ድምፁ መኪናው ድረስ ተሰማ።