የአበልጅ ቃል

የክሬኑ የብረት ገመድ ክሮቹ ተበጣጥሰው ሲያይ፣ ኦፕሬተሩ "ይሄ ሳይቀየር ምንም አላነሳም" ብሎ ትናንት ሥራ አቆመ። አለቃው ቢጮህም አልሰማውም። ዛሬ ጠዋት መካኒኩ መርጊያ መሰላሉ ሥር ጠበቀው።

"አዲስ ገመድ አስገብቻለሁ፤ ውጣ።"

"እስኪ መጀመሪያ ልየው።"

"አበልጅ! ልጅህን ክርስትና ያነሳሁ ሰው ልዋሽህ? እናቴ ትሙት፣ ቀይሬዋለሁ!"

ከዚህ በኋላ ገመዱን ማየት አበልጁን መስደብ መሰለው። የመርጊያን ትከሻ መታ አድርጎ ወጣ።

ከላይ ግቢው ሁሉ ይታየዋል። መንጠቆው ላይ አንድ እስር ፌሮ ተያይዟል፤ ጭነቱ በሚያልፍበት በኩል ሴቶች አሸዋ ይነፋሉ። ዞር እንዲሉ ጡሩምባውን ነፋ። ለምደውታልና ቀና ያለች የለም።

መርጊያ ወደ ሴቶቹ ሲሮጥ አየው። "ተባረክ" አለ ለራሱ፣ ሊያስነሳቸው መስሎት።

መርጊያ ከመሃላቸው የገዛ እህቱን ብቻ ክንዷን ይዞ አስነሳት። እየጎተተ በበሩ አስወጣትና ሁለቱም ከአጥሩ ውጭ ቆሙ። ሌሎቹ አሸዋቸውን ይነፋሉ።

የኦፕሬተሩ እጅ ከማንሻው ላይ ወረደ።

የመገናኛ ሬዲዮው ጮኸ።

"አበልጅ፣ ምን ትጠብቃለህ? ሳብ እንጂ!"