ድምፅ የማያሳልፈው ክፍል

«እኔ ልሂድ» ትላለች ያኤ፣ የከበሮ ዱላዎቿን ቦርሳዋ ውስጥ እየወሸቀች። «አያቴ ከድልድዩ ማዶ፣ ቤት ውስጥ ብቻዋን ናት። በዚህ ዝናብ የተሰጣ ልብስ ላስገባ ብላ ትወጣለች እኮ፤ አውቃታለሁ።»

በዝናቡ ምክንያት ትምህርት ቤቱ ከቀትር ጀምሮ ተዘግቷል። ተማሪውም መምህሩም ሄዷል። እኛ ሦስታችን ብቻ አሮጌው ሕንፃ ምድር ቤት፣ ድምፅ የማያሳልፈው የሙዚቃ ክፍል ውስጥ ቀርተናል። ክፍሉን የመረጥነው ማንም ስለማይሰማን ነው። ምሳቸውን ብቻቸውን የሚበሉ ሦስት ልጆች ነበርን፤ ቡድን የሆንነው በዚያ ነው። ያኤ ከበሮ ትመታለች፤ እኔ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። ፉዩካ ድምፃዊታችን ናት፣ ድምፃዊት ማለት ከተቻለ። ከሚያዝያ ጀምሮ አንድም ቀን ፊቷን ወደ እኛ አዙራ አልዘፈነችም። ግድግዳውን እያየች ታንጎራጉራለች፤ እኛ ትከሻዋን እያየን እንከተላታለን።

«እናንተስ?» ትላለች ያኤ በሩ ላይ ቆማ።

«የድምፅ ማጉያውን ገመዶች ጠቅልለን እንደርስብሻለን» እላታለሁ።

«ፉዩካ፣ ቶዋን አደራ። ጊታሯን አቅፋ እዚሁ እንዳታድር።»

ፉዩካ አፏን በእጅጌዋ ሸፍና ትስቃለች።

«ድልድዩ ጋ እጠብቃችኋለሁ» ትላለች ያኤ፤ ወፍራሙ በር ከኋላዋ ይገጠማል። የዝናቡም ድምፅ አብሮ ይጠፋል።

ገመዶቹን አልነካሁም። ፉዩካ ትናንት ባቡር ጣቢያ ቆመን ሳለ፣ ጫማዋን እያየች፣ ግጥም እንደጻፈች ነግራኛለች። «ለአንቺ ብቻ ከሆነ ልዘፍነው እችላለሁ» ነበር ያለችኝ። ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። አሥር ደቂቃ ብቻ ነው የፈለግሁት።

ልትጀምር ትንፋሿን ስትስብ ስልኬ ይጮኻል፤ ያ አጥንት የሚሰረስር የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ጩኸት። ፉዩካ ደንግጣ ከንፈሯን ትነክሳለች።

«ወንዙ ነው?» ትለኛለች።

«ጠዋትም ሁለቴ ጮኾ ነበር፤ ምንም አልመጣም» እላታለሁ፤ ስልኩንም አጠፋዋለሁ።

ግድግዳውን እያየች ትጀምራለች። መጀመሪያ ድምፅዋ እንደ ሁልጊዜው ቀጭን ነው። ዘፈኑ ሰው ሲያያት አንገቷን ስለምትደፋ፣ ስትሳሳት ደግሞ ጆሮዋ ስለሚቀላ ልጅ ነው። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ጆሮዬ ሲግል ይሰማኛል። ጣቶቼ ክሩን ይስቱታል። ፉዩካ ያኔ ዞር ትላለች። ዓይኔን እያየች ትዘፍናለች፤ ድምፅዋ ያን ጠባብ ክፍል ይሞላዋል። ጊታሩን አስቀምጬ እጇን እይዛለሁ።

ምን ያህል ጊዜ እንደቆምን አላውቅም። ያነቃኝ የእግሬ ብርድ ነው። ዝቅ ብዬ ሳይ ምንጣፉ ጠቁሯል፤ ካልሲዬ ርሷል። ከበሩ ስር ቡናማ ውሃ ዝም ብሎ፣ ያለ ምንም ድምፅ ይገባል።

የማጉያውን ሶኬት ነቅዬ ወደ በሩ እሮጣለሁ። በሩ አይከፈትም። ከውጭ ውሃው ይዞታል። ሁለታችንም በትከሻችን እንገፋዋለን፤ አንዴ፣ ሁለቴ። በሦስተኛው በጠባቡ ይከፈትልናል፤ ሾልከን እንወጣለን። ኮሪደሩ ላይ ውሃው ከጉልበታችን በላይ ነው። ተማሪዎች ሕንፃ ውስጥ የሚያደርጓቸው ጫማዎች ጥንድ ጥንዳቸውን ጥለው ይንሳፈፋሉ። በሩ ከኋላችን መልሶ ይዘጋል።

እጅ ለእጅ ተያይዘን ደረጃውን ወጥተን ፎቁ ላይ ስንደርስ ስልኬን አበራዋለሁ። ያኤ አሥራ አንድ ጊዜ እንደደወለች የሚገልጽ መልእክት ይገባል።

ልደውልላት ስል ከታች ይሰማል። አንድ ሰው የሙዚቃ ክፍሉን በር በቡጢ እየደበደበ ነው።

«ያኤ ናት» ትላለች ፉዩካ። ከዚያም ደረጃው ጫፍ ላይ ቆማ፣ በሙሉ ድምፅዋ ትጣራለች። «ያኤ! እዚህ ነን! ላይ!»

ድብደባው ይቆማል። ውሃ ሲንቦጫረቅ እንሰማለን፤ ከዚያ አንሰማም፤ ከዚያ እንደገና እንሰማለን። ያኤ የደረጃውን ብረት በሁለት እጇ ይዛ ትወጣለች። እስከ ደረቷ ርሳለች፤ የቀኝ እጇ ጣቶች ተልጠዋል።

«አይሰሙም እኮ እያልኩ ነው የምደበድበው» ትላለች እየተንቀጠቀጠች። «ድልድዩ ጋ ቆሜ ጠበቅኳችሁ። ስልክሽ ዝግ ነው። ውስጥ ቀርተው ነው ብዬ ተመልሼ በዚያኛው ደረጃ ወረድኩ።»

ከዚያ ዓይኗ እጃችን ላይ ያርፋል። አልተላቀቅንም ነበር። ጥቂት ታየዋለች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ብትነግሩኝ ኖሮ» ትላለች ቀስ ብላ፣ «ሳልጠብቃችሁ እሄድ ነበር።»

ያኤ አልፋን ወደ መስኮቱ ትሄዳለች። እኛም እንከተላታለን። የሩዝ ማሳዎቹ የሉም። ወንዙና ሜዳው አንድ ሆነዋል፤ ማዶ ያሉት ቤቶች በጣሪያቸው ብቻ ይታያሉ። የድልድዩ ሁለት ጫፎች ቆመዋል። መሃሉ የለም።

«እኔ ስጠብቃችሁ ቆሞ ነበር» ትላለች ያኤ።

ስልኳን አውጥታ ለአያቷ ትደውላለች። ሲጠራ እኛም ጋ ይሰማል። ይጠራል፤ ይቆማል፤ እንደገና ትደውላለች። ፉዩካ እጄን አጥብቃ ይዛዋለች፤ ሞቃት ነው፤ በመሞቁ አፍራለሁ፤ ግን አልለቀውም።

ያኤ ግንባሯን መስተዋቱ ላይ አስደግፋ ማዶውን ታያለች። ትንፋሿ መስተዋቱን ይሸፍነዋል። በእጅጌዋ ትጠርገዋለች። መልሶ ይሸፍነዋል።