የተነቀለው መኝታ ቤት

ጽኑ ሕመምተኛ ከቤቱ አይለይ የሚል ደንብ ከወጣ ወዲህ፣ ሆስፒታል ሲሠራ መተላለፊያውና ክፍሎቹ የሚገጠሙበት ባዶ ቦታ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ክፍሉ ከበሽተኛው ቤት ይመጣል። ባለቤቴን አጥናፉን ካንሰር ሲጥለው፣ ክሬን መጥቶ መኝታ ቤታችንን እንዳለ ነቅሎ ወሰደው።

ዛሬም ልጠይቀው ሄድኩ። ቁምሳጥናችን፣ የልጆቹን ቁመት በከሰል ምልክት ያደረግንበት መቃን፣ ሁሉም በቦታው ነው። ጠረኑ እንኳ አልሄደም። አልጋችን ጠርዝ ላይ ተቀምጬ፣ ጣሪያው እያፈሰሰ ውሃውን በጎድጓዳ ሳህን ስንቀልብ ያደርንበትን ክረምት አነሳንና ሳቅን።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነርሷ አንኳኳች።

"እትዬ ዘርፌ፣ የጠያቂ ሰዓት አልቋል።"

ከገዛ አልጋዬ ተነሣሁ። አጥናፉ እንቅልፍ እየወሰደው ነበር።

"ዘርፌ፣ የኩሽናውን መብራት አጥፍተሽ ነይ" አለኝ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከዚያው አልጋ ላይ ሆኖ እንደሚለኝ።

"እሺ" አልኩት። በሩን ስከፍተው የሆስፒታሉ መተላለፊያ ነው።

ቤት ስገባ፣ መኝታ ቤቱ በነበረበት በኩል የተወጠረው ሸራ በነፋስ ይርገበገባል። እንዳለኝ የኩሽናውን መብራት አጠፋሁ። ከዚያ እዚያው ኩሽና ውስጥ ያነጠፍኩት ፍራሽ ላይ ጋደም አልኩ።