ለመሪጌታ የተተረጎመ ዜና

አዲሱ ዓለም አቀፍ የእንግሊዝኛ ዜና ጣቢያ ሥርጭት በጀመረበት ጧት፣ የወገዳ ከተማው የእንግሊዝኛ መምህር አስቻለው ከጎረቤቱ ከመሪጌታ ወልደ ሰንበት አጠገብ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ ይተረጉምላቸው ነበር። ዜና አንባቢዋ አንድ ነገር ትልና እሱ ተርጉሞ እስኪጨርስ ዝም ትላለች። መጀመሪያ አጋጣሚ መስሎት ነበር።

ቀጥላ በእንግሊዝኛ፣ «የወገዳው መሪጌታ ወልደ ሰንበት ዛሬ ዐረፉ» አለች።

አስቻለው ወደ መሪጌታ ዞር አለ። መርዶ ዘመድ ተሰብስቦ ነው የሚነገረው፤ ለራሱ ለሟቹስ ማን ይነግረዋል?

«ምን አለች?» አሉ መሪጌታ።

«ስለ ገብስ ዋጋ ነው፣ የኔታ።»

ሴትዮዋ ትክ ብላ አየችውና ያንኑ ደገመች።

«የስንዴውም ጨምሯል» አለ።

አሁንም ደገመች፤ ቀስ ብላ።

መሪጌታ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ፣ «ልጄ፣ ካልነገርከኝ እኮ አትቀጥልም» አሉት።