ጥጃዋ የበላችው አበባ

ጥጃዋን የገደለቻት ዱረቲ ናት። ይህን የሚያውቁት ግን እሷና በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ የተቀመጠችው ጎረቤታቸው ዲንኪቱ ብቻ ናቸው።

ዱረቲ ጥጃዋ በልታ ከተረፈው ሣር ውስጥ የለቀመቻቸውን ሁለት አበቦች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ታስቀምጣለች። ሁለቱም ሰማያዊ፣ ሁለቱም ደወል የሚመስሉ፣ ሲቆረጡም ወተት የመሰለ ነጭ ፈሳሽ የሚያወጡ ዘመዳሞች ናቸው።

«ይቺ ምንም አትልም» ትላለች ለአክስቷ ለአዴ ስንቄ። «አፏ ክብ ነው፤ አምስቱም የአበባ ቅጠሎቿ እኩል ናቸው። ይቺኛዋ ግን ጀርባዋ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ሁለት ቅጠል ወደ ላይ፣ ሦስት ወደ ታች። መርዙ ያለው እሷ ላይ ነው።»

ድምጿ እንደ መምህር ጥርት ያለ ነው። ለራሷም ያስጠላታል።

«ላየው ሰውማ ይለያል!» ይላሉ አዴ ስንቄ።

ላየው ሰው። ትናንት ጠዋት ዲንኪቱ በዚህ ድርቅ ከወንዝ ዳር ለአዴ ስንቄ ጥጃ ያጨደችውን ሣር እንደተሸከመች ዱረቲ የተሳፈረችበትን ባጃጅ አስቁማ፣ «ዱረቲዬ፣ ይቺን አበባ አላወቅኳትም። እስቲ ውረጂና እያት» ብላት ነበር። ዱረቲ ስብሰባ ረፍዶባት ነበር። አልወረደችም። «ደወል አበባ ናት፣ ስጪያት» አለች ከውስጥ ሆና፤ ባጃጁም ሄደ።

ውጭ ላሚቱ ትጮኻለች። ያለ ጥጃዋ አትታለብም፤ የሞተችውን ጥጃ ቆዳ ቢያቀርቡላትም አሽትታ ዞረች። የዲንኪቱ ሕፃን የሚያድገው፣ እናቱ ሣር እያጨደች ከአዴ ስንቄ በምታገኘው የዚያች ላም ወተት ነው።

«አንቺ ዲንኪቱ፣ የታወረው ዓይንሽ ነው ወይስ ልብሽ? ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ልጅ እዚሁ እያለች አንድ ቃል ብትጠይቂያት ምላስሽ ይረግፋል?» ይላሉ አዴ ስንቄ።

ዲንኪቱ ቀና ብላ ዱረቲን ታያታለች። ትጠብቃለች።

«ጠይቃኛለች» ማለት ብቻ ነው። ዱረቲ የተሰነጠቀችውን አበባ በጥፍሯ ታገላብጣለች።

«ቸኩዬ ነው፣ አዴ» ትላለች ዲንኪቱ።

«እንግዲህ ላሚቱ ነገ ብትታለብ እንኳ ከዚህ ቤት ወተት አትጠብቂ።»

«እሺ።»

ዲንኪቱ ባዶውን የወተት ዕቃ ከወለሉ ላይ ታነሳለች። ሻሿን ታስተካክላለች። ዱረቲ ከወንበሯ ብድግ ልትል ትልና መልሳ ትቀመጣለች። ዲንኪቱ ትወጣለች፤ በሩንም ሕመምተኛ ከተኛበት ክፍል እንደሚወጣ ሰው ቀስ አድርጋ ትዘጋዋለች።