ገመድ ያልደረሰው ትምህርት ቤት

ዶክተር ምንትዋብ በልጆች ውፍረት ላይ ሁለት ዓመት የለፋችበት ጥናት ውሃ በላው። ሐዋሳ ውስጥ ለአንድ ትምህርት ቤት ልጆች መዝለያ ገመድ አድላ ነበር፤ ለሌላኛው ግን ማነጻጸሪያ እንዲሆናት ሆን ብላ ምንም አልሰጠችም። የመጨረሻው ልኬት ሲመጣ የሁለቱም ትምህርት ቤት ልጆች ውፍረት እኩል ቀንሶ ተገኘ። ገመዱ ምንም አልፈየደም ማለት ነው።

ሚዛኑ ተበላሽቶ ይሆናል ብላ ገመድ ወዳልደረሰው ትምህርት ቤት ከነፈች። ከበሩ ስትገባ ያየችውን ማመን አቃታት። ግቢው በሙሉ ገመድ ይዘላል! ወፍራሙም ቀጭኑም እየሳቀ፣ እየቆጠረ ይዘላል። ርዕሰ መምህሩ አቶ ዳንጊሶ ሳይቀሩ ከረባታቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ይዘላሉ።

«ገመዱን ከየት አመጣችሁት?» ብላ ጮኸች።

«የልብስ ማስጫ ነው» አሉ አቶ ዳንጊሶ እያለከለኩ። «በዚህ ሰፈር ልብስ አጥር ላይ መሰጣት ከጀመረ ዓመት አለፈው።»

«ማነው ያስተማራቸው? ጥናቴን ገደል የከተተው ማነው?»

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዲት ጉንጫም ልጅ ከመሃል ወጣች።

«እርስዎ ነዎት እንጂ! አምና ሊለኩን የመጡ ቀን ‹እነዚያ ልጆች ምን ተሰጣቸው?› ብለን ስንጠይቅዎት፣ ወገብ የሚለኩበትን ሜትር በሁለት እጅዎ ይዘው ‹እንዲህ ነው› አሉን። ሜትሩ አጥሮብዎት ጎንበስ ብለው ዘለሉልን።»

ዶክተር ምንትዋብ አፏን በእጇ ይዛ ቆመች። ከዚያ ሳቋ አመለጣት፤ ባለ ተረከዝ ጫማዋን አውልቃ ወደ ጎን ወረወረችና፦

«በሉ አዙሩልኝ!» አለች።