ፑሌ በመዶሻ አይገባም

ወንድምየው የመፍቻ ሣጥኑን ተሸክሞ ወደ እህቱ ግቢ ሲገባ ለማንም ሰላምታ አልሰጠም። መኪናው ኮፈኑ ተከፍቶ ግቢው መሃል ቆሟል። ባልየው አጠገቡ ሆኖ ይጠብቃል። በዚያ ሙቀት እጅጌው ረጅም የሆነ ወፍራም ሹራብ ለብሷል።

ወንድምየው ሃያ ዓመት የጭነት መኪና ሲጠግን የኖረ፣ አንገቱ ከጭንቅላቱ የወፈረ ሰው ነው። ትናንት እናቱ ደውላ አንድ ነገር ብቻ ነበር ያለችው፦ «ልጄ፣ ከዚያ ቤት ሬሳ ከመውጣቱ በፊት ድረስላቸው።» ሲገላበጥ አድሮ ቆርጦ ተነሣ። የመጣው ለመኪናው ብቻ አልነበረም።

ሰፈሩም ጉዳዩን ያውቃል፤ ወይም አውቃለሁ ይላል። በሳምንት ሁለቴ ሳህን ሲሰበርና ሚስትየዋ ስትጮኽ ይሰማል። ጎረቤቶቹ ያን ጊዜ ሬዲዮናቸውን ከፍ ያደርጋሉ። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ብለው ይተዉታል። በማግሥቱ እሷን መንገድ ላይ ሲያገኟት «ቻይው እህቴ» ይሏታል፤ ባልየውን ሲያዩት ደግሞ ፊታቸውን ያዞሩበታል። እንዲህ ያለ ጀግንነት የትኛውም ሰፈር አያጣም።

«መሪው ድንጋይ ሆኗል» አለ ባልየው። «ከማክሰኞ ጀምሮ ከግቢ አልወጣሁም።»

ወንድምየው ሞተሩ ላይ ጎንበስ አለ። የመሪው ፓምፕ ተቀጥቅጧል። ቺንጋው የሚዞርበት ፑሌ ጠርዙ ተሰብሯል።

«በመዶሻ ነው የተመታው።»

ባልየው የሹራቡን እጅጌ ወደ ታች ሳበ።

«ይሄን ያደረገ እጅ ሰው ላይም ይነሣል» አለ ወንድምየው።

ሥራው ተጀመረ። ወንድምየው ቺንጋውን አላልቶ አወጣ። ቱቦውን ነቅሎ ዘይቱን በባልዲ ተቀበለ። ፓምፑን ከያዙት ቡሎኖች አንዱ ዝጎ እምቢ አለው። በንዴት መዶሻውን አነሣ።

ባልየው ወደ ኋላ ዘሎ ፊቱን በክንዱ ጋረደ።

ወንድምየው መዶሻውን አየር ላይ እንደያዘ አፍጥጦ አየው። «እንዲህ ትፈራለህ ለካ» አለና ቡሎኑን ደጋግሞ መታው። ድምፁ ከግቢው አልፎ ተሰማ። ከአጥሩ ማዶ አንዲት ጎረቤት ለባሏ «ዛሬ የእጁን ያገኛል!» አለችው። ደስ ብሏታል።

ሚስትየዋ ውሃ ይዛ ወጣች። ቀኝ እጇ ጣቶቿ ድረስ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«ወንድም ጋሼ፣ ጠጣ እንጂ፤ ፀሐዩ ፈጀህ።»

«እጅሽን ምን ሆንሽ?»

«ምንም አይደል፤ መስታወት ነው።» ፈገግ ብላ ባሏን አየችው። ባልየው ዓይኑን ከመሬት አላነሣም።

ይቺን ልጅ አዝሎ ያሳደጋት ወንድምየው ነው።

«ይሄን መኪና ዛሬ ትነጂዋለሽ?»

«ኧረ እኔ የትም አልሄድ።»

«ደግ። እንዳትነኪው። የሚነዳው እሱ ብቻ ነው። አሁን ግቢና በሩን ዝጊ።»

ገባች። ጥቂት ቆይቶ የመስኮቱ መጋረጃ ተነቃነቀ።

ወንድምየው ይዞት የመጣው አዲስ ፓምፕ ቦታው ላይ ተቀመጠ። ባልየው መዶሻውን በግራ እጁ አንሥቶ አቀበለው። ወንድምየው ከእጁ መንጭቆ ወረወረው።

«ፑሌ በመዶሻ አይገባም! ስትመታው ውስጡ ይሰበራል፤ ከላይ ምንም አይታይም። ከዚያ አንድ ቀን መንገድ ላይ ጉድ ያደርግሃል።»

ከሣጥኑ ረጅም ቡሎን ያለው ማስገቢያ አወጣ። አዲሱን ፑሌ ከፓምፑ ጋር አጋጥሞ ማስገቢያውን ቀስ ብሎ ማጥበቅ ያዘ። ግማሽ ዙር፤ እንደገና ግማሽ ዙር። ድንገት አቆመና ወደ ቤቱ አየ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«በገደሉ መንገድ ነው የምትወርደው?»

«አዎ።»

«ብቻህን?»

«ብቻዬን።»

«ይሁን» አለና የመጨረሻዋን ግማሽ ዙር አጠበቀ።

ቺንጋውን መለሰ። ዘይት ሞላ። የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አነሣቸውና «ግባ» አለ። «ሞተሩን አስነሣና መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዙረው። በአንድ እጅህ ብቻ።»

ባልየው አዞረ። ፓምፑ አጉረመረመ፤ ከዘይቱ አረፋ ወጣ። ሲደጋግመው ማጉረምረሙ ቀረና መሪው እንደ ቅቤ ለሰለሰ። ወንድምየው ክሪኩን አውርዶ ኮፈኑን ዘጋ። ከዚያም የወረወረውን መዶሻ አነሣ።

ባልየው ሊወርድ አንድ እግሩን አወጣ። ወንድምየው ደረቱን ገፍቶ ከወንበሩ ጋር አጣበቀው።

«የት ነው?»

«ልብሴን ላምጣ…»

«ከእንግዲህ ልብስ አያስፈልግህም» አለ ጥርሱን ነክሶ። «እዚያ ቤት አትገባም።»

«እባክህ፣ መታወቂያዬ እንኳ…»

«ዝም በል ብዬሃለሁ!»

አንገትጌውን ጨምድዶ ነቀነቀው። የባልየው ጭንቅላት ከወንበሩ ጋር ተላተመ። ፊቱ አመድ መሰለ።

የቤቱ በር ተበረገደ። ሚስትየዋ ፀጉሯ ተበታትኖ፣ አንድ እጇን ቀሚሷ ውስጥ ሸሽጋ እየሮጠች መጣች።

«ወንድም ጋሼ! ልቀቀው! ባሌ ነው!»

አጥሩ ማዶ ያለችው ጎረቤት አፏን በእጇ ያዘች። ባልየው ጮኸ። መዶሻው መሬት ላይ ወደቀ።

ወንድምየው ዞሮ እህቱ ባሏ ላይ የሰነዘረችውን ቢላዋ ከነእጇ ጨምድዶ ያዘና «ንዳ!» አለው፤ «እኔ ይዣታለሁ፤ ነፍስህን ይዘህ ንዳ!»